የተሳቢ መታጠቢያ ቤት ላሜራ፦ ጠርዙን አይቶ መግዛት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በጅቡቲ መንገድ ዳር የቆርቆሮ መታጠቢያ ክፍል ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ ከኮንቴይነር ተቆርጦ የወጣ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ የመንገድ ሥራ ካምፕ ይዞት እንዲዞር ተሳቢ ላይ ያስገጥመዋል። ጎማ ላይ ለሚውል ክፍል ሴራሚክ አይሆነውም፤ ይከብዳል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨውም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገዢው ወደ ላሜራ ይሄዳል። ሻጩ ውፍረቱንና አብረቅራቂነቱን ያሳየዋል፤ ገዢውም በሁለቱ ረክቶ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ግን መሀሉ ሳይነካ ነው የሚያልቀው። ዝገቱ የሚነሳው ከተቆረጠበት ጠርዝ፣ ከቡለን ቀዳዳውና ወለሉን ከሚነካው እግሩ ነው። እኔም መጀመሪያ የማየው እነዚህን ሦስቱን ነው።

አገሩን ማወቅም ይበጃል። አዋሽ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ሙቀት ብቻውን ብረት አይበላም፤ እንዲያውም ደረቅ አየር ለብረት ደግ ነው። ጠላቱ ጨው ነው። በመተሐራ በኩል የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውኃ ወደ አዋሽ ይለቀቃል፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ በመስኖ የለማው መሬት በጨው መጎዳቱ የታወቀ ነው፤ የአፍዴራን ጨው የጫነው መኪናም በሰርዶ አድርጎ በሰመራ ያልፋል። ሰው ታጥቦ ሲወጣ የጋለው ግድግዳ ውኃውን ወርዶ ሳያልቅ ያደርቀዋል፤ ጨውና ሳሙና እዚያው ይቀራሉ። በሚቀጥለው ታጣቢ እንደገና ይርሳሉ። የሚከማቹትም ውኃ በሚያዘገዩ ቦታዎች፣ ማለትም በቡለኑ ራስ ሥርና በሁለቱ ላሜራዎች መደራረቢያ ውስጥ ነው።

ብዙው ሰው የሚገዛው ዚንክ የተቀባውን ነው፤ ተገቢም ነው። ጌጁ ቁጥሩ ሲጨምር ላሜራው እንደሚሳሳ ሁሉም ያውቃል፦ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ 35 ጌጅ ግማሹ ነው። ስለ ዚንኩ ብዛት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዜድ 275 የሚል ምልክት ካለው በሁለቱ ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ነው። ለሻወር ከዚያ ባያንስ እመርጣለሁ። ወረቀቱ ከሌለ ከቁራጩ አንዱን ጥግ ሙሉ በሙሉ አጥፎ በጥፍር መፈተሽ ነው፤ እጥፉ ላይ ሽፋኑ ተፈርፍሮ ከተነሳ አይገዛም። ተደራርቦ ውኃ ነክቶት የቆየው ደግሞ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ሻጩ በጨርቅ ጠርጎ «አቧራ ነው ጌታዬ» ቢል አቧራ አይደለም፤ ዚንኩ መበላት ጀምሯል።

አሉሚኒየም ይቀላል፣ ቀይ ዝገትም የለበትም፤ ለተሳቢ የተፈጠረ ይመስላል። ሁለት ነገር ግን አይወድም፦ እርጥብ ሲሚንቶና ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከብረት ቡለን ጋር መጎራበት። በሙቀት የሚለጠጠውም የብረትን እጥፍ ነው። ሁለት ሜትር ላሜራ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ብረት ከሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አሉሚኒየም ከሆነ ሁለት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ቀዳዳውን ሞላላ ያላደረገ ሠራተኛ ግድግዳው በየቀኑ ሲያብጥና ሲሸበሸብ ያየዋል።

የማይዝገውን ብረት ሰው በማግኔት ይፈትናል፤ ማግኔት ካልያዘው «ኦሪጅናል» ነው ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። 304 የሚባለው ክሮሚየሙ ወደ 18፣ ኒኬሉ ወደ 8 በመቶ የሆነው ነው፤ ማግኔትም እምብዛም አይስበውም። ነገር ግን ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የበዛበት 201ም እንደዚሁ ነው፤ ጨው ባለበት ግን ቶሎ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ለሰመራ ውኃ ሞሊብዲነም ያለው 316 ይሻላል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ዚንክ በተቀባ ላሜራ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ቀለም ካየሁ በግራይንደር እንደተቆረጠ አውቃለሁ። ዲስኩ ያጋለው ጠርዝ ዚንኩን አጥቷል፤ ፍንጣሪውም ፊቱ ላይ ተጣብቆ በሳምንቱ ይዝጋል። የቆርቆሮ መቀስ ያለፈበት ጠርዝ ንጹሕ ነው፤ ላሜራው ስስ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ያለው ዚንክ የተቆረጠውን ራሱ ይጠብቀዋል። የማይዝገውንም ብረት ተራ ብረት በቆረጠ ዲስክ የነካ ሠራተኛ ሥራውን አበላሽቷል።

ብየዳ የባሰ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ጭሱን የሳበ በያጅ ማታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ወተት ጠጣ ይሉታል፣ የሚያድነው ግን ነፋሻ ቦታ መሥራት ነው። ስለዚህ ላሜራውን የሚሸከመው ቱቦላሬ ለብቻው ይበየድ፣ ጸረ ዝገት ይቀባ፣ ላሜራው ደግሞ በሪቬት ወይም ጎማ ባለው ቡለን ይያዝ። ጎማውን ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፦ ትንሽ ተጨምቆ ከቡለኑ ራስ ዙሪያ እኩል መውጣት አለበት። ተጨፍልቆ የተሰነጠቀ ከሆነ ፀሐዩ ቶሎ ይጨርሰዋል።

መደራረቢያው ላይ የላይኛው የታችኛውን ከፊት በኩል ይሸፍን፤ ተገልብጦ ከሆነ ሲሊኮን አያድነውም። እግሩ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ይበል። ሲሚንቶ ውስጥ የተተከለ ላሜራ፣ ዚንክም ይሁን አሉሚኒየም፣ ከመጀመሪያው ቀን አልቆለታል። ከጀርባውም አየር ይለፍ። አፋሮች በግመል ጭነው የሚዞሩት የሰሌን ቤት እኮ በሰሌኑ በኩል ይተነፍሳል፤ የእኛ ብረት ግን ከላይና ከታች ክፍተት ካልተውንለት አይተነፍስም።

ገንዘቡ ካጠረ የማይዝገውን ውኃ እስከሚመታው ወገብ ድረስ፣ ዚንኩን ከዚያ በላይ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት መሀል ጎማ ይግባ። ያለዚያ የማይዝገው ዚንኩን ያስበላዋል። ከምናለሽ ተራ የመጣውን የተዘረጋ በርሜል ግን ለአጥር ይተዉት። ሥራው ሲያልቅ ሻወሩ ሩብ ሰዓት ይፈስስ፤ ከዚያ ከተሳቢው ሥር ገብቶ በባትሪ ቱቦላሬውን ማየት ነው። የረጠበ ቦታ ከተገኘ ቀሪው ክፍያ ይቆይ።