ላስቲክ ላይ የተቀዳ ቁስል

ሲስተሯ ፋሻ ስትፈታ አትቸኩልም። የመጨረሻው ጎዝ ደርቆ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል፤ ላጥ ብታደርገው በአፍታ ይነሳል። እሷ ግን ሳላይን ታንጠባጥብበትና እስኪርስ ትጠብቃለች። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ትላለች። «ኧረ ምንም አይሰማኝ፣ ልጄ» ይላሉ አጎቴ። እውነታቸውን ነው፤ ስኳር የእግራቸውን ስሜት ከወሰደው ቆይቷል። ሲስተሯ የምትሳሳለት ከጎዙ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ነው። ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል ይሄዳል፤ ደረቅ ጎዝ የሚመነጭቅ እጅ የሳምንቱን ሥራ አብሮ ይነቅለዋል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል።

አጎቴን ይዤ በየሳምንቱ ስመላለስ የተመለከትኩት ይህችን ሴት ነው። ቁስል ማሸግ ብዙ ሰው ይችላል። እሷን ከሌላው የለየልኝ ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን የምታጣራበት መንገድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በቁስሉ ዙሪያ ነጣ ያለ፣ እንደ ቁርበት የጠነከረ ቆዳ ነበር። በስለት ቀስ እያለች አነሳችው። ስትጨርስ ቁስሉ ከቤት ይዘነው ከመጣነው ሰፍቶ አገኘሁት፤ ደነገጥኩ። «አሁን አልሰፋም፣ አሁን ገና ታየ» አለችኝ ቀና ሳትል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ የምትለካው። አንድ ሳምንት ሳይጠረግ፣ በሌላው ተጠርጎ የተለካ ቁስል ሳይብስ የባሰ ይመስላል።

ልኬቱ የሚጀምረው በሁለት ንብርብር ንጹሕ ላስቲክ ነው። ቁስሉን የሚነካው የታችኛው ይጣላል፤ የላይኛው ይቀመጣል። መብራቱን ወደ ጎን አዘንብላ፣ ቀጭን እስክሪፕቶ ይዛ ጠርዙን ትከተላለች። ጠርዙ የቱ ጋ ነው? እኔ ቀዩን ብቻ ነው የማየው። እሷ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ መብራቱን ሲያዘነብሉ ብቻ ፈካ የሚለውን ሐመር ሮዝ ታየዋለች። እሱ የዳነ ቆዳ ስለሆነ ከመስመሩ ውጭ ይቀራል። ከዚያ ላስቲኩን ካሬ ወረቀት ላይ ዘርግታ ካሬ ትቆጥራለች፤ ከግማሽ በላይ የተያዘው ይቆጠራል፣ ከግማሽ በታች ያለው ይተዋል።

«በማስመሪያ ርዝመቱን በወርዱ ማባዛት አይቀልም?» አልኳት። ለክታ አሳየችኝ፤ 4 በ3፣ 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር። በቆጠራው ግን 9 ነው። ማስመሪያው ማዕዘኖቹ ላይ ያለውን ደህና ቆዳ ሁሉ ከቁስሉ ጋር ደምሮታል። ቅርጹ በየሳምንቱ ባይለዋወጥ ግድ አልነበረውም፤ ቁስል ግን አንዱን ጎን ዘግቶ ሌላውን ክፍት ሊተው ይችላል።

ጥልቀቱን ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ትፈትሻለች፣ ቦታውንም በሰዓት ትጽፋለች፤ ወደ ተረከዝ ያለው 12 ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «በኛ ስድስት ሰዓት ማለት ነዋ!» አሉ። ሣቀች፣ ግን የጻፈችውን አልለወጠችም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ 203 የስኳር እግር ቁስለኞችን የተከታተለ ጥናት አለ። በ4 ሳምንት ውስጥ ቁስላቸው ከ53 በመቶ በላይ ከጠበበላቸው 58 በመቶዎቹ በ12 ሳምንት ድነዋል፤ ከዚያ በታች ከጠበበላቸው 9 በመቶዎቹ ብቻ። በ4ኛው ሳምንት በግማሽ ያህል ያልጠበበ ቁስል ሌላ መላ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው ግን በመጀመሪያው ቀን በትክክል የለካ ሰው ብቻ ነው።

የልኬቷን ጥንቃቄ ሳይ በብሪታንያ የተሠራው ቬነስ 2 የተባለው ጥናት ትዝ ይለኛል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ የቅልጥም ቁስል ያለባቸው 267 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው አንዳንዶቹ በሕክምና ትል፣ ሌሎቹ በጄል ታከሙ። ትሉ የሞተ ሥጋ ይበላል፤ ቁስሉንም ከጄሉ እጅግ ፈጥኖ አጸዳው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እልል ይል ነበር። ጥናቱን የቀመሩት ግን ዋና ጥያቄያቸውን አስቀድመው «በስንት ቀን ዳነ?» ብለው አስረውት ነበር። የቁስሉን ፎቶ እያየ ድኗል አልዳነም የሚለውም ሰው፣ በሽተኛው በምን እንደታከመ አያውቅም። ለዚያ ጥያቄ የመጣው መልስ ልዩነት የለም የሚል ሆነ፤ ሕመሙ ደግሞ በትል በታከሙት ላይ በርትቶ ተገኘ። ቁስሉ መጽዳቱ ዓይን ይማርካል፤ በሽተኛው የመጣው ግን ሊድን ነው። ይህን ለይቶ መጠየቅ ለእኔ እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ ጥበብ ነው፤ ስፌቱ አይታይም።

በ4ኛው ሳምንት የአጎቴ ቁጥር 4 ደረሰ። ከ9 ወደ 4፤ እኔ ተነስቼ ልሄድ ነበር። ሲስተሯ ግን ላስቲኮቹን ከፎልደሩ አውጥታ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ወደ መስኮቱ አነሳቻቸው። መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየጠበቡ ገብተዋል። በ3 ሰዓት በኩል ብቻ፣ የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ፣ ሁሉም ተነባብረው አንድ ወፍራም መስመር ሆነዋል።

«እዚህ ጋ ለምን ቆመ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር የአጎቴን ጫማ አነሳችና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ትንሽ ዳሰሰች። የታጠፈ ገበር ይዛ አወጣች።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ አጎቴ።