ልብ ወለድ ስድብ ነው እንዴ?

ጓደኛችን የማይመስል ነገር ሲያወራ «ይሄማ ልብ ወለድ ነው!» እንለዋለን። ውሸት ነው ማለታችን ነው። ልብ ወለድ ጽፎ ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚልም ደራሲ በስሙ ያፈረ ይመስላል። እፍረቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1719 የዳንኤል ዴፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ» ሲወጣ፣ የመጀመሪያ ገጹ ታሪኩን የጻፈው ክሩሶ ራሱ ነው ይል ነበር።

ግን ስሙ ያሳፍራል? አውሮፓውያን ለዚሁ ነገር ምን ስም እንዳወጡ አይተን እንመለስ።

ፈረንሳዮች «ሮማን» ይሉታል (ፍሬውን አይደለም)። ምንጩ የሮም ስም ነው። በመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት በላቲን ሲጽፉ፣ ሕዝቡ ከላቲን የወጣውን የአፍ ቋንቋ ይናገር ነበር። ያ ቋንቋ «ሮማንዝ» ተባለ፤ ቆይቶ በእሱ የተጻፈው ታሪክ ስሙን ወረሰ። ስሙ ስለ እውነትና ውሸት ምንም አይልም፤ የሚነግረን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መጻፉን ነው።

ጣሊያኖች ረጅሙን «ሮማንዞ»፣ አጭሩን «ኖቬላ» አሉት። ኖቬላ «አዲስ ነገር፣ ወሬ» ማለት ነው፤ የቦካቾ «ዴካሜሮን» 100 ኖቬላዎች አሉት። እንግሊዞች ቃሉን «ኖቭል» ብለው ለረጅሙ ሰጡት፤ «ሮማንስ» ዛሬ እነሱ ዘንድ በአብዛኛው የፍቅር ታሪክ ነው። ስፔኖችም ረጅሙን «ኖቬላ» ይላሉ፤ «ሮማንሴ» ግን ተራኪ ግጥም ነው። ሩስያኛ ላይ «ሮማን» ልብ ወለድም የፍቅር ግንኙነትም ነው። ፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን»ን በግጥም ጽፎ ሮማን ሲለው፣ ጎጎል «ሙት ነፍሳት»ን በስድ ንባብ ጽፎ «ፖዬማ»፣ ማለትም ረጅም ግጥም አለው።

እንግሊዝኛው «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላል፤ ፈረንሳይኛው «በየትኛው ቋንቋ?» ይላል። የእኛውስ?

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 እዚያው ሮም ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። አማርኛ ላይ ደግሞ ልብ የስሜት ቤት ብቻ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልብ ገዛ» ያልነው ሰው አእምሮው የበሰለ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ ማለት ያስተዋለ ልብ የወለደው ነው። ስሙ የሚጠይቀው «ይሄ ነገር በእርግጥ ደርሷል?» ብሎ አይደለም፤ «ጸሐፊው ልብ ብሏል ወይ?» ብሎ ነው።

ሒሳችን ግን ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ገጸ ባሕርይዋ በእውኑ ማን እንደሆነች ስንገምት እንውላለን፤ ደራሲው እንዴት እንዳያት ሳንጠይቅ መጽሐፉን እንከድነዋለን። እውነተኛ ታሪክ እኮ ልብ ሳይባል ሊጻፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ላይ ያለው ማረጋገጫ አያድነውም። ያልደረሰ ነገርም በደንብ ከታየ የምናውቀውን ሰው እንደ አዲስ ያሳየናል። ቀጣዩን መጽሐፍ ስንገመግም በዚህ እንጀምር።