የሲቢሲ ወረቀት አነባበብ

የደም ቆጠራ፣ በተለመደ ስሙ ሲቢሲ፣ በሆስፒታልም በግል ክሊኒክም በብዛት ከሚታዘዙ የላቦራቶሪ ምርመራዎች አንዱ ነው። ሁለት ሦስት ሚሊሊትር ደም ይወሰዳል፤ ማሽኑም ሃያ ያህል ቁጥሮች የተደረደሩበት ወረቀት ያወጣል። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ሦስት ናቸው፦ ሄሞግሎቢን፣ የነጭ የደም ሴል ብዛትና የፕሌትሌት ብዛት። ቀይ ሴሉም፣ ነጩም፣ ፕሌትሌቱም በዋናነት የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን በጣም ይለያያል። ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ፕሌትሌት ከሳምንት እስከ 10 ቀን፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሴል ደም ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ነው። ትናንት የጀመረ ኢንፌክሽን ነጭ ሴሉን ዛሬ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሄሞግሎቢን ግን መቅኔው ማምረት ቢያቆም እንኳ የሚወርደው በሳምንታት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ 3 ግራም ከወረደ ወይ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ቀይ ሴል እየፈረሰ ነው፣ ወይ ደግሞ ናሙናው ተበላሽቷል።

ይህ ሦስተኛው መላምት ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት አለበት። ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ የተቀዳ ደም ይቀጥናል፤ ሦስቱም ቁጥሮች አብረው ይወርዳሉ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው፣ ደሙ እንደተቀዳ ቲዩቡ ስምንት ዐሥር ጊዜ በቀስታ ከተገለባበጠ ነው። ይህ ካልተደረገ ደቃቅ የረጋ ደም ይፈጠርና ፕሌትሌቱን ይዞ ያስቀረዋል። ወረቀቱ ራሱም ምስክር አለው፦ ሄሞግሎቢን በሦስት ሲባዛ ወደ ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም ቀይ ሴል ከደሙ ወደሚይዘው መቶኛ፣ መቅረብ አለበት። ሄሞግሎቢን 11.2 ሆኖ ሄማቶክሪት 34 ከሆነ ይስማማሉ፤ 42 ከሆነ ግን ሐኪሙ ስለ በሽታው ከማሰቡ በፊት ናሙናው እንደገና መሠራት አለበት።

ማሽኑ ሴሉን አያየውም። ዋለስ ኮልተር በ1953 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ዘዴ ሴሎችን አንድ በአንድ በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል፤ እያንዳንዱ ሴል ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ለቅጽበት ያውካል፤ የሚቆጠረውም የሚለካውም ይህ መታወክ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ ኢዲቲኤው ራሱ ፕሌትሌቶችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ማሽኑም የተጣበቀውን ክምር እንደ ፕሌትሌት አይቆጥረውም። ወረቀቱ 38,000 ይላል፤ ሰውየው ግን ድዱ አይደማም፣ ቆዳው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም። ስላይድ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፕሌትሌቶቹ ጠርዙ ላይ ተከማችተው ይገኛሉ። ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቲዩብ ደም ተቀድቶ ሲደገም ቁጥሩ ወደ 200,000 ይመለሳል። ስላይድ ለማየት ዐሥር ደቂቃ የተሰጠበት ላቦራቶሪ ታማሚውን ከብዙ ጭንቀት፣ አልፎ አልፎም አላስፈላጊ ከሆነ የመቅኔ ምርመራ ያድነዋል።

ናሙናው ታማኝ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ቁጥሩ የሚወዳደረው ከማን ጋር ነው የሚለው ነው። በወረቀቱ ቀኝ በኩል የሚታተመው መደበኛ ወሰን የሚሠራው ከጤነኛ ሰዎች መካከለኛዎቹን 95 በመቶ በመውሰድ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መለኪያ ከ20 ጤነኛ ሰዎች አንዱ ከወሰኑ ውጭ ይወድቃል። ሃያ ቁጥር ባለበት ወረቀት ላይ አንድ ቦታ ‹‹ኤች›› (ከፍ ያለ) ወይም ‹‹ኤል›› (ዝቅ ያለ) የሚል ፊደል መታየቱ ብቻውን በሽታ አያሳይም። ከዚህ የሚብሰው ችግር፣ በብዙ ላቦራቶሪ ወሰኑ ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ በሌላ አገር ሰዎች ላይ የተለካ መሆኑ ነው።

ሄሞግሎቢን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ የሚለው ለወንድ ከ13፣ ለሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር (በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት) ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢንን ይጨምራል በሚል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ከተለካው ላይ 1 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተቀንሶ እንዲነበብ ይመክራል። በዚህ ስሌት 12.4 ያላት የአዲስ አበባ ነዋሪ ደም ማነስ አለባት ማለት ነው። ሆኖም ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንድ 15.9፣ ለሴት 15.0 ሆኖ ተገኘ፤ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም አልራቀም። በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው በግልጽ ይጨምራል። ስለዚህ የከፍታው ቅነሳ ለኢትዮጵያ ደገኛ ሁሉ በጭፍን የሚሠራ አይደለም። ወሰን ላይ ያለ ቁጥር የሚፈረድበት ከቀይ ሴሉ መጠን፣ የብረት ክምችትን ከሚያሳየው ፌሪቲንና ከራሷ ከሴትዮዋ የቀድሞ ውጤት ጋር ነው።

ነጭ ሴል ላይ ደግሞ የዘር ውርስ ይገባል። ቀይ ሴላቸው ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች ኒውትሮፊላቸው ከልደት ጀምሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ ዓይነት ውርስ በአፍሪካና በየመን ሰፊ ነው፤ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ አለ። ኢንፌክሽን የመከላከል አቅማቸው አይቀንስም። በእስራኤል በቤተ እስራኤል ላይ፣ በአሜሪካ በጥቁሮች ላይ ይኸው ተመዝግቧል። የአውሮፓን ወሰን ይዞ የሚያነብ ሐኪም ጋ ሲደርሱ ግን ጤነኞች ሆነው ሳለ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካሉ፤ ኒውትሮፊልን ሊያወርድ የሚችለው ክሎዛፒን የሚያስፈልገው የአእምሮ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ይከለከል ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2015 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሰዎች ዝቅ ያለ የተለየ ወሰን ፈቀደ። ፐርሰንት ብቻ ማንበብም ያሳስታል፦ ነጭ ሴል 3,200፣ ኒውትሮፊል 38 በመቶ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው 1,200 ያህል ነው። ይህ ቁጥር ከአምስት ዓመት በፊትም ይኸው ከነበረ የሰውየው መደበኛ ነው፤ አምና 4,000 ከነበረ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ደም ማነስ ሲገኝ ምክንያቱን የሚጠቁመው ኤምሲቪ፣ ማለትም የቀይ ሴሉ አማካይ መጠን ነው። ከ80 ፌምቶሊትር በታች ሲሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው፦ የወር አበባ፣ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ የመንጠቆ ትል፣ የጨጓራ ቁስል። ዕድሜው የገፋ ወንድ ላይ ከታየ ግን የብረት ኪኒን ጽፎ መሸኘት ጥፋት ነው፤ ከአንጀት የሚደማ ዕጢ ሊኖር ይችላል። ከ100 በላይ ሲሆን የቪታሚን ቢ12 ወይም የፎሊክ አሲድ እጥረት፣ አልኮል፣ የጉበት ሕመም ይታሰባል፤ ዚዶቩዲን የሚወስድ የኤችአይቪ ታካሚ ላይ ግን መድኃኒቱ ራሱ ያደርገዋል። የብረትም የፎሊክ አሲድም እጥረት ባለባት ነፍሰ ጡር ትንሹና ትልቁ ሴል ሲደባለቁ አማካዩ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚያጋልጠው ሴሎቹ በመጠን ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚናገረው አርዲደብሊው ነው።

ቁጥሮቹ አብረው ካልተነበቡ ትልቁ ነገር ያመልጣል። ከደጋ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት፣ ትኩሳቱ ሳምንታት አልፎታል፣ ከስቷል፣ ጣፊያው አብጧል። ወረቀቱ ሄሞግሎቢን 8.1፣ ነጭ ሴል 1,900፣ ፕሌትሌት 74,000 ይላል። ለደም ማነሱ ብረት፣ ለትኩሳቱ የታይፎይድ መድኃኒት ቢታዘዝለት ሁለቱም ይባክናሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲወርዱ መቅኔው ተይዟል ወይም ጣፊያው ሴሎቹን እያስቀረ ነው፤ በዚህ ታሪክ ደግሞ መጀመሪያ መመርመር ያለበት በእነዚያ ቆላዎች የሚገኘው ካላዛር ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ካላዛር ካልሆነ ሉኪሚያ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪና የቢ12 እጥረት በተራቸው ይታያሉ።

ከነጭ ሴሎች አንዱ የሆነው የኢኦሲኖፊል መጨመር አለርጂን ወይም በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ትልን ያመለክታል፤ አሜባና ጃርዲያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምሩትም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ውጤቶች ጥቂት ናቸው፦ ትኩሳት ባለበት ሰው ኒውትሮፊል ከ500 በታች፣ ፕሌትሌት ከ10,000 በታች፣ ሄሞግሎቢን ከ7 በታች፣ ስላይድ ላይ ያልበሰሉ የመቅኔ ሴሎች። እነዚህን ያየ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ አይተወውም፤ ወዲያው ለሐኪሙ ይደውላል። ሌላ ሕመም በሌለው ሰው ላይ የታየ መጠነኛ ልዩነት ጉንፋኑ ወይም ትኩሳቱ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ ይደገማል።