አንድ ቃል ለሁለት ብልሽት

ለአማተር ራዲዮ ሠራተኞች የተተረጐመ አንድ የራዲዮ ቴሌታይፕ መመሪያ ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ተመልክተነዋል። አማርኛው የጠራ ነው። ችግሩ ያለው የብልሽት ፍለጋውን በያዘው ምዕራፍ ሲሆን፣ ተርጓሚው «ሺፍት» የሚለውን ቃል በገባበት ሁሉ «ፈረቃ» ብለውታል።

ፈረቃ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለዘበኛ የተለመደ ቃል መሆኑን ለጊዜው እንተወው። በዚህ ሙያ ሺፍት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማርክና ስፔስ በተባሉት ድምፆች መካከል ያለው የድግግሞሽ ርቀት ነው፤ አማተሮች ዘንድ በተለመደው አሠራር ማርክ 2125፣ ስፔስ 2295 ሄርዝ ስለሆነ ርቀቱ 170 ሄርዝ ነው። ሁለተኛው፣ ባለ አምስት ቢቱ ኮድ ያለው 32 ጥምረት ብቻ በመሆኑ፣ አንዱ ጥምረት አንድ ጊዜ ፊደል፣ ሌላ ጊዜ አኃዝ ሆኖ እንዲነበብ የሚላክ መለወጫ ነው። (32ቱ ለላቲኑ 26 ፊደልና ለዐሥሩ አኃዝ እንኳ አልበቁም፤ የእኛ 231 ቢመጣማ!)

ረቂቁ፣ ጽሑፉ ሲበላሽ ፈረቃው ይስተካከል ይላል። የትኛው? 599 ተብሎ የተላከው ሪፖርት «ቲ ኦ ኦ» ሆኖ ቢታተም የጠፋው መለወጫው ነው፤ ቲ ከ5፣ ኦ ከ9 ጋር ጥምረት ይጋራሉና። ሠራተኛው 170ውን ሄርዝ ሲነካካ ቢያመሽ ደኅናውን ያበላሻል እንጂ አያድንም። በአንጻሩ ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ትርጉም የለሽ ከሆነ፣ ተቀባዩ በታችኛው ፈንታ በላይኛው ሳይድባንድ ላይ ሆኖ ማርክና ስፔስ ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። ይህ ከሁለቱም «ፈረቃዎች» ውጭ ነው።

ማርክን «ምልክት» ማለታቸውም አልተዋጠልንም። ምልክት በዚሁ ምዕራፍ የራዲዮው ሲግናልም፣ ሥርዓተ ነጥብም ሆኖ ገብቷል፤ ስለዚህ ምልክቱ ጠፋ ሲባል አንባቢው ከሦስት አንዱን መገመት አለበት። ስፔስም እንዲሁ «ክፍተት» ተብሎ በቃላት መካከል ከሚታተመው ክፍተት ጋር ተደባልቋል። ብዙ ተቀባዮች ከእያንዳንዱ ክፍተት በኋላ ወደ ፊደል እንዲመለሱ ተደርገው ስለሚስተካከሉ፣ ይህ ቀላል መደባለቅ አይደለም።

ተርጓሚው ከውሰት ቃል የሸሹበት ምክንያት ይገባናል፤ ብዙ ጊዜም እንደግፈዋለን። በዚህ ግን «ማርክ» እና «ስፔስ» እንዳሉ ይቆዩ፤ «ክፍተት» ለቃላቱ ይተው። የመጀመሪያው ሺፍት «የድግግሞሽ ርቀት»፣ ሁለተኛው «የፊደል መለወጫ» እና «የአኃዝ መለወጫ» ቢባል፣ ምዕራፉ ሌላ እርማት እምብዛም አያሻውም።