የተዋናይ ደብዳቤ ገዝቶ አለማንበብ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” እንላለን። እዚህ አሜሪካ ደግሞ በጽሑፍ ያለ ይሸጣል። የዝነኛ ፊልም ተዋናዮችን የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ የሚሰበስብ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በቅርቡ ቤቱ ጋብዞኝ፣ በመስታወት ያስገባቸውን እያዞረ አሳየኝ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፊርማው አጣጣል ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። “ለመሆኑ ምን ይላል?” ስለው ጠጋ ብሎ አነበበው። አበባ ለላከ ሰው የተጻፈ ምስጋና ነው። ከገዛው ወዲህ አንብቦት የሚያውቅ አልመሰለኝም።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ መለካት እንጀራዬ ስለሆነ አልንቀውም። የሚለካው ነገር ግን ትክክለኛው ነው ወይ?

ይህን ገበያ እንደ ሊ እስራኤል የተረዳው ያለ አይመስለኝም። የዝነኞችን የሕይወት ታሪክ ትጽፍ የነበረች፣ ኋላ የተቸገረች የኒውዮርክ ደራሲ ናት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሮጌ የጽሕፈት መኪናዎች እየከተበች፣ ፊርማውን በእጇ እየቀዳች፣ ወደ 400 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ፈብርካ ሸጠች። የድምፅ አልባው ፊልም ኮከብ ሉዊዝ ብሩክስና ተዋናይም ጸሐፌ ተውኔትም የነበረው ኖዌል ካዋርድ ስማቸው ከተነገደባቸው መካከል ናቸው። በ1993 ጥፋቷን አምና ስድስት ወር የቁም እስርና አምስት ዓመት ገደብ ተፈረደባት።

በ2018 በታሪኳ የተሠራው ፊልም ብቸኝነቷን ያጎላል፤ ሜሊሳ ማካርቲም ግሩም ተጫውታለች። እኔ ግን በ2008 ያሳተመችውን ማስታወሻ እመርጣለሁ፤ ገበያውን ራቁቱን ያሳያልና። መጀመሪያ ከቤተ መጻሕፍት የሰረቀቻቸው የፋኒ ብራይስ እውነተኛ ደብዳቤዎች ደረቅ ስለነበሩ ብዙ አላወጡም። ከግርጌ የራሷን ቀልድ ስትጨምርባቸው ዋጋቸው ወጣ። ሐሰቱ ከእውነቱ በለጠ ማለት ነው! ጸጸት ፈልጌ ግን ያገኘሁት ኩራት ነው፤ ፎርጅዶቹን ምርጥ ሥራዬ ናቸው እስከማለት ደርሳለች።

የካዋርዱን ያጋለጠው ማጉያ መነጽር አልነበረም። በእንግሊዝ እስከ 1967 ድረስ በወንዶች መካከል የሚደረግ ፍቅር ወንጀል ነበርና፣ ካዋርድ ስለዚያ ሕይወቱ እንዲያ በግልጽ እንደማይጽፍ የሚያውቅ ሰው አንብቦ ጠረጠረ። ያም ሆኖ በ2007 በታተመው የካዋርድ ደብዳቤዎች ስብስብ ውስጥ የሷ ሁለት ፈጠራዎች ሾልከው ገብተዋል።

የጂን ሀርሎው ፎቶግራፎች ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ አብዛኛው የእናቷ እጅ ነው። ሰብሳቢዎች ይህንን በርካሽ ይገምቱታል።

በሌላ ሰው እጅ በመጻፍ ለመፍረድ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ፣ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ጂዳ ልጅ የነበራቸው አንዲት ጎረቤታችን ያስጽፉኝ ነበር፦ ስለ በጓ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ማን እንደሞተ። ሰላምታው ብቻ ገጽ ይፈጃል። አንድ ቀን ደረቅ ቢሆንብኝ ከግርጌ “ልጄ፣ ማታ ማታ ስምህን እየጠራሁ አለቅሳለሁ” ብዬ ጨመርኩበት።

መልሱ መጣ። የማነብላቸውም እኔው ነኝ። “እማዬ፣ ይህ ያንቺ ቃል አይደለም፤ አሞሻል እንዴ?” ይላል። ዘልዬ ላልፈው አሰብኩና አነበብኩት።

“ምን ብለህበት ነው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ዝም ብለው ቆዩ።

“አላመመኝም በልና ጻፍ” አሉኝ። “ያን ግን እንዳታስተባብል።”