መጀመሪያ ሙሉውን ያሰሙ

በተቀዳ ንግግር ዘፈን የሚሠራ ሰው ቶሎ የሚቸኩለው የትኛዋን ቃል ቆርጦ እንደሚደጋግም ለመወሰን ነው። ከዚያ የሚቀድም ግዴታ አለ ብዬ አምናለሁ፤ አድማጩ ተናጋሪውን ቢያንስ አንዴ ሳይቆራረጥ ሊሰማው ይገባል።

ይህን የተማርኩት አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1966 ከሠራው «ካም አውት» ነው። ድምፁ የዳንኤል ሃም ነው፤ በሃርለም ከታሰሩት ስድስት ጥቁር ወጣቶች አንዱ። ፖሊሶች ከደበደቡት በኋላ፣ ደም ታይቶለት ሐኪም ቤት እንዲወሰድ የበለዘውን ገላውን ራሱ ጨምቆ እንዳደማ ይናገራል። ራይክ ንግግሩን ሳይነካ ሦስት ጊዜ ያሰማል፤ ቆርጦ መደጋገም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እኩል የተነሡት ሁለት ቅጂዎች ቀስ እያሉ ይለያያሉ፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፤ 13 ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቃሉ ጠፍቶ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። እነዚያ ሦስት ጊዜያት ባይኖሩ የሰው ቁስል የጆሮ መጫወቻ ሆነ ብዬ እቆጣ ነበር። አሁን ግን የሚፈርሰው የሰማሁትና የገባኝ ነገር ስለሆነ ያመኛል።

የእኔ ዘፈን የተሠራው በአክስቴ ምርቃት ላይ ነው። ሳይነካ እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ መቆራረጡ ከዚያ ይከተላል። «ይቃና» ሲሉ «ቃ» ጠብቃ ነው የምትነገረው፤ ከመፈንዳቷ በፊት ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ቅጽበት ባዶ መስመር ሆና ትታያለች፣ ዝምታ የሚያጠፋው ሶፍትዌርም ቆርጦ ይጥላታል። ያኔ ቃሉ ይላላል፤ አክስቴ እንደዚያ ብለው አያውቁም። ስለዚህ በእጄ ነው የምቆርጠው። ከዝምታዋ ቀጥላ የምትፈነዳው «ቃ» የከበሮን ሥራ ስለምትሠራ ከበሮ አልጨመርኩም።

የቤተሰቡ «አሜን»ም አንድ ላይ አይወድቅም። ሕፃኑ ይቀድማል፣ ጓዳ ያለችው ትዘገያለች። በአንድ ምት ላይ ማሰለፍ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተሰለፈ ግን የሰው ቤት መሆኑ ይቀርና መዘምራን ይሆናል።

የዘፈኑን ፍጥነትም ከአክስቴ ንግግር ወሰድኩ። እ.ኤ.አ. በ1988 በተሠራው የራይክ «ዲፈረንት ትሬይንስ» ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር ፍጥነቱ ይለወጣል፤ የሴቶቹን ንግግር ቪዮላ፣ የወንዶቹን ቼሎ ይከተለዋል። እኔ የመረጥኩት ማሲንቆ ነው። ክራር አንዴ ከተቃኘ በድምፆቹ መካከል ያለውን አያገኝም፣ የንግግር ዜማ ደግሞ የሚንሸራተተው እዚያው መካከል ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት አብሮ ይንሸራተታል።

ዘፈኑን ለሕዝብ ሳላወጣው በፊት ለአክስቴ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ይቺ የታመመው ልጅ ናት፣ ለሱ ብቻ ያልኳት። አውጣልኝ የኔ ልጅ።»

ያ ክፍል ማሲንቆው ከድምፃቸው ጋር ይበልጥ የገጠመበት ነበር። አወጣሁት፤ ዘፈኑም በዚያው ልክ አጠረ።