ሞተርን ከሞተሪኖ መለየት፤ በመኪና ጥገና መምሪያዎች አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ዘወትር የሚጀመረው ከስም ነው። የባዕድ ቃላት ዝርዝር ይቀርባል፤ በእያንዳንዱ ቃል ትይዩ አንድ የአማርኛ ወይም የግእዝ ስያሜ ይሰፍራል፤ ዝርዝሩ ሲሞላ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት ከዚህ ልማድ የተለየ ነው። ስያሜ የሚፈተነው በዝርዝር ውስጥ ሳይሆን፣ መፍቻ የጨበጠ ሰው ሊፈጽመው በሚገባ የትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው እንላለን።

ለፈተናው የመረጥነው ተራ ሥራ ነው፤ ይኸውም የመኪናን ማስነሻ ሞተር ያለ ጋራዥ፣ በቤት ደጃፍ ላይ የማውረድ ሥራ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥራው በጥቂት ብሎኖችና ገመዶች የሚያልቅ በመሆኑ ቃላቱን አንድ በአንድ ለመመርመር ይመቻል። ሁለተኛ፣ ሥራው ትንሽ ቢሆንም የቃል ስሕተትን አይምርም። በሥነ ጽሑፍ ትርጉም ውስጥ ያልተስተካከለ ቃል አንባቢን ቅር ቢያሰኝ ነው፤ እዚህ ግን እጅ ያቃጥላል።

1. ሥራው ምንድን ነው?

በምሳሌነት የምንወስደው በአዲስ አበባ በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለውን አሮጌውን ቮልስዋገን ነው። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ይገኛል፤ ማስነሻ ሞተሩም በዚያው በቀኝ በኩል ከካምቢዮው አካል ላይ ታስሯል። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ቀጭኑ ገመድ ኤሌክትሪክ ወደ መግነጢሳዊው ማብሪያ ያደርሳል። ማብሪያውም ሁለት ነገር ያከናውናል፤ ትንሹን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጥርሳም ጎማ ጋር ያናክሳል፤ ከባትሪው የሚመጣውንም ወፍራም ገመድ ከማስነሻው ጋር ያገናኛል። «መስመሩን ይዘጋል» ብለን ቃል በቃል ብንመልስ ኖሮ አንባቢው ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ ብሎ በተረዳ ነበር።

በዚያች ቅጽበት በወፍራሙ ገመድ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከመቶ አምፔር ይበልጣል። ይህ ገመድ ፊውዝ የለውም፤ ቁልፉ ከቦታው ቢነቀልም ኤሌክትሪክ አይለየውም። ስለዚህ ባትሪው ሳይነጠል መፍቻው የገመዱን ዳዶና የመኪናውን ብረት በአንድነት ቢነካ የሚፈጠረው ብልጭታ እጅን ያቃጥላል፤ የፈሰሰ ነዳጅ ካለም እሳት ያስነሣል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ አለ። ማስነሻውን ከሚይዙት ሁለት ብሎኖች የታችኛው የማስነሻው ብቻ ሲሆን፣ የላይኛው ግን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ከሚያስሩት ከአራቱ አንዱ ነው። የላይኛውን ብቻ የፈታ ሰው ሞተሩ በቀሩት በሦስቱ ተይዞ ይቈይለታል። አራቱንም የፈታ ግን የጀመረው ሌላ ሥራ ነው፤ ያለ በቂ ድጋፍ ከሆነም ሞተሩ በላዩ ሊወርድበት ይችላል።

2. የመዝገበ ቃላት ትርጉም

ተርጓሚ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ ይህን ሥራ ቢያስረዳ ምን ሊጽፍ እንደሚችል ለማሳየት የሚከተለውን አንቀጽ እኛው አዘጋጅተናል። እያንዳንዱ አነጋገር በመምሪያ ትርጉሞች የተለመደ ነው፤

«የማስጀመሪያውን ሞተር ለማስወገድ ብሎኖቹ ይፈታሉ። ወፍራሙ ገመድ ይቋረጣል። ይህ ከመደረጉ በፊት አሉታዊው መሬት መለያየት አለበት። የሞተሩ የላይኛው ብሎን ከሞተሩ ጋር የጋራ መሆኑ ይታወቅ።»

በሰዋስው ረገድ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። እያንዳንዱም ቃል ከመዝገበ ቃላት ማስረጃ ሊቀርብለት ይችላል። ነገር ግን በዚህ አንቀጽ ተመርቶ ሥራውን በደኅና የሚፈጽም ሰው አይገኝም።

3. ስለ ስሙ

በመጀመሪያ «ሞተር» የሚለውን ቃል እንመልከት። ይህ ውሰት ቃል በአማርኛ ሲነገር መጀመሪያ የሚያመለክተው መኪናውን የሚያንቀሳቅሰውን ትልቁን ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ለትልቁ አንድ፣ ለትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ሌላ ቃል ስላለው አይደናገርም፤ በአማርኛ ግን ሁለቱ በአንድ ስም ይገናኛሉ። «የሞተሩ ብሎን ከሞተሩ ጋር የጋራ ነው» የሚለው እንቆቅልሽ የመጣው ከዚህ ነው። «ሞተር ማውረድ» ደግሞ በጋራዥ አነጋገር የታወቀ ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «ሞተሩን ያውርዱ» የሚል ትእዛዝ ያገኘ አንባቢ አራቱን ብሎኖች ቢፈታ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

«ማስጀመሪያ» የሚለው ከባዕዱ ግስ ቃል በቃል የተመለሰ ነው። በአማርኛ ሥራ ይጀመራል፤ ንግግር ይጀመራል፤ መኪና ግን ይነሣል። «አልነሣም አለ» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ ሾፌር የለም። ስለዚህ «ማስነሻ» ከ«ማስጀመሪያ» እጅግ ይሻላል፤ «አስነሣ» ከሚለው ግስ በደንብ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን ሲቆም ወሰኑ አይታወቅም፤ ሾፌሩ የሚያዞረው ቁልፍም ማስነሻ ነውና፣ «ማስነሻውን ይመርምሩ» የተባለ ሰው ወደ መሪው በኩል ቢሄድ አያስደንቅም።

በጋራዥ ውስጥ ግን ለዚህ ዕቃ የታወቀ ስም አለ፤ «ሞተሪኖ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ሞተር ብስክሌትም በዚሁ ስም ይጠራበታል። ወደ አማርኛ ሲገባ ፍቹ ጠብቦ ለአንድ ዕቃ ብቻ ተወስኗል። ስያሜ ፈጣሪ በኮሚቴ ሊያገኘው የሚደክምበትን ነጠላ ፍች፣ ልምድ በራሱ ሰጥቶታል ማለት ነው።

«ሞተሪኖ»ን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ክብደት የሌለው አይደለም። የጋራዥ ጣሊያንኛ በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቈየውን የወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በአገራችን የቀሩትን ጣሊያናውያን ባለሙያዎች ያስታውሳል፤ አካዳሚያዊ መዝገበ ቃላት ይህን ቅርስ ሊያጸድቅ አይገባም ይላሉ። ስሜቱን እናከብራለን። ነገር ግን «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ጎማ»፣ «ፍሬን»፣ «ማርሽ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካንዴላ»፣ «ብሎን»፣ «ዳዶ»፣ «ካቻቢቴ» እንደዚሁ። «ጎማ»ንና «ፍሬን»ን ተቀብሎ «ሞተሪኖ»ን የሚያባርር ሰው የሚለየው የቃሉን ምንጭ ሳይሆን ከቢሮ የሚሰማውን ከማይሰማው ነው። የግእዝ ሥርወ ቃል ረቂቅ ጽንሰ ሐሳቦችን ለመሰየም ያለውን ኀይል አንክድም፤ እጅ ለሚነካው ዕቃ ግን የእጁ ባለቤት የሚጠራበት ስም ይቅደም እንላለን።

4. ስለ ግሶቹ

ስያሜ ሰጪዎች ብዙውን ጊዜ ችላ የሚሉት ግስን ነው። በቀረበው አንቀጽ ውስጥ ከሁሉ የከፉት ስሕተቶች ግን በግሶቹ ላይ ይገኛሉ። «ማስወገድ» በአማርኛ የማይፈለገውን ነገር ማጥፋት፣ ወይም አውጥቶ መጣል ነው፤ ቆሻሻ ይወገዳል፤ አደጋ ይወገዳል። ተጠግኖ ተመልሶ የሚታሰር ዕቃ አይወገድም። «ገመዱ ይቋረጣል» የሚለውም ገመዱን መቍረጥ ተብሎ ሊወሰድ ይችላል።

የእጅ ሥራ አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ብሎን ሳይወጣ ጥብቀቱን መቀነስ «ማላላት» ነው፤ ጨርሶ ማውጣት «መፍታት» ነው፤ ገመድን ከተያዘበት መለየት «መንቀል» ነው፤ ከባድ ዕቃን ከታሰረበት ለቅቆ ወደ ታች ማምጣት «ማውረድ» ነው። «ፈታ» በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተሳቢው ብሎን ሲሆን ማውጣትን፣ ተሳቢው መሣሪያ ሲሆን ግን ክፍሎቹን መለያየትን ያመለክታል። «ሞተሪኖውን ይፍቱ» የተባለ ሰው ሳያወርደው በፊት ሊከፍተው፣ በውስጡ ያሉትንም ካርቦኖችና ሞላዎች ሊበትን ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ በድጋሚ ቅርጽ «መፈታታት» ብንለው ሁለቱ ይለያያሉ። ብሎን ይፈታል፤ ገመድ ይነቀላል፤ ሞተሪኖ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ ይፈታታል።

5. ስለ «አሉታዊ» እና ስለ «መሬት»

«አሉታዊ» ከሰዋስው የመጣ ቃል ነው፤ አሉታዊ ግስና አሉታዊ ዐረፍተ ነገር እንላለን። ባትሪው ላይ የሚታየው ግን የመቀነስ ምልክት ነው። መምሪያ ሊያዝዝ የሚገባው አንባቢው በዐይኑ በሚያየው ነገር ነው፤ «የመቀነስ ምልክት ያለበት ጫፍ» ማለት ረዥም ቢሆንም አያሳስትም።

«መሬት» ከዚህ የባሰ ነው። በመኪና ውስጥ ከአፈር ጋር የተገናኘ ገመድ የለም፤ ጎማዎቹ መኪናውን ከምድር ለይተውታል። የሚፈለገው ፍች ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የመኪናው ብረት ነው። ጣሊያንኛ ይህን «ማሳ» ይለዋል፤ ያን ብንወስድ ደግሞ ከእርሻ ማሳ ጋር እንጋጫለን። ስለዚህ ውሰትን በጅምላ እንደማንደግፍ ከዚህ ይታወቅ። የመኪና አካል በባለሙያው ዘንድ «ቦዲ» ስለሚባል፣ «ከቦዲ ጋር የታሰረው ገመድ» ማለት ይበቃል።

ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ መቍጠርም አይገባም። በቮልስዋገን ላይ ከቦዲ ጋር የታሰረው የመቀነሱ ጫፍ ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ግን የታሰረው የመደመሩ ጫፍ ነበር። የጥንቃቄው ሕግ በምልክቱ ላይ አልተመሠረተም፤ ከቦዲ ጋር የታሰረው መጀመሪያ ይነቀላል፣ በመጨረሻም ይታሰራል። ምክንያቱም እርሱ ከተነቀለ በኋላ መፍቻው ሌላውን ጫፍና ብረቱን ቢያገናኝ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ የለውም። «አሉታዊ» እና «መሬት» የሚሉትን አደባልቆ የጻፈ ተርጓሚ ይህን ሕግ ከአንባቢው ይሰውራል።

ለገመዶቹ መለያ ስም መፍጠር ግን አስፈላጊ አይደለም። የጀርመኑ ዲን 72552 ደንብ ለእያንዳንዱ መያዣ ቁጥር ሰጥቷል፤ 30 ቀጥታ ከባትሪው የሚመጣውን፣ 50 ከቁልፉ የሚመጣውን ያመለክታል። ቁጥሩ ከዕቃው ላይ ተጽፎ በሚገኝበት ጊዜ ከማንኛውም ስያሜ የተሻለ ስያሜ እርሱ ነው።

6. ስለ ትእዛዙ መልክና ቅደም ተከተል

«ብሎኖቹ ይፈታሉ» የሚለው ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መፈታት አለባቸው፣ ለመፈታት ይችላሉ፣ ወይም በራሳቸው እየላሉ ይወጣሉ። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። «ፍታ» ማለት ግልጽ ቢሆንም ሴቷን አንባቢ ይተዋታል። «ይፍቱ» የሚለው የአክብሮት መልክ ጾታ ስለማይለይና ትእዛዝነቱም ስለማያጠራጥር ለመምሪያ የሚገባው እርሱ ነው።

ከዚህም በላይ የከፋው የቅደም ተከተሉ መዛባት ነው። በአንቀጹ ውስጥ ወፍራሙ ገመድ መጀመሪያ ተነቅሎ፣ «ይህ ከመደረጉ በፊት» የሚለው ኋላ ይመጣል። እያነበበ የሚሠራ ሰው ማስጠንቀቂያው ላይ የሚደርሰው መፍቻው ገመዱን ከነካ በኋላ ነው። የአማርኛ አገባብ ግን ለዚህ ዐይነት ጽሑፍ የተመቸ ነው። «ፈትተው»፣ «ነቅለው»፣ «ደግፈው» የሚሉት የቦዝ አንቀጾች የሚቀድመውን ሥራ አስቀድመው የሚከተለውን ያስከትላሉ። ይህን ሀብት ትቶ የባዕዱን የዐረፍተ ነገር ተራ መጠበቅ ቋንቋውን ማባከን ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ በተባለው መሠረት አንቀጹ እንደሚከተለው ሊታረም ይችላል፤

«ጎማዎቹን በታኮ ደግፈው፣ መኪናውን በክሪክ ካነሡ በኋላ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይግቡ። ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ከቦዲ ጋር የታሰረውን ገመድ ነቅለው ያርቁት። ከዚያ ከሞተሪኖው ላይ 30 ቍጥርን፣ ቀጥሎም 50 ቍጥርን ይንቀሉ። የላይኛው ብሎን ሞተሩንም ጭምር የያዘ ስለሆነ እርሱን ብቻ ፈትተው ሌሎቹን የሞተር ብሎኖች አይንኩ። በመጨረሻ ሞተሪኖውን በአንድ እጅ ደግፈው የታችኛውን ይፍቱና ያውርዱት።»

ለመዝገበ ቃላትም የሚከተለውን ፍች እናቀርባለን። «ሞተሪኖ፤ (ስም) ከባትሪ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ዞሮ የመኪናን ሞተር የሚያስነሣ ትንሽ ሞተር።» «ማስነሻ ሞተር» የሚለው በማብራሪያነት ይግባ፤ «ማስጀመሪያ» ግን ይቅር።

ከዚህ በተረፈ ለባልደረቦቻችን የምናሳስበው ስለ አሠራሩ ነው። የሙያ ቃላት ዝርዝር ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ ስም ከግሱ ጋር በትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ ዐረፍተ ነገሩም ሥራውን ለሚያውቅ መካኒክና ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ይነበብ። መካኒኩ ከሳቀ ወይም አንባቢው እጁን ወደ ሌላ ብሎን ከዘረጋ፣ ስያሜው ወደ ኮሚቴው ይመለስ።